ከወንዝ ማዶ ልጅ ያለቻቸው አባት

አባታችን በወንዙ ታችኛው ዳርቻ፣ ከጀልባ ቀዛፊው አባታቸውና አትክልት ቸርቻሪ ከነበሩት እናታቸው፣ ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። የተወለዱበትን ቀን በትክክል የሚያውቅ የለም። አያታችን ሲጠየቁ፣ ትልቁ ድልድይ ሲመረቅ ገና ጡት ይጠባ ነበር ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበራቸውም። ስለዚህ አባታችን ዕድሜያቸውን በድልድዩ ሲቆጥሩ ኖሩ። ድልድዩ ቀለም በተቀባ ቁጥርም፣ እሱስ አዳሽ አገኘ፣ እኔን ማን ይቀባኛል እያሉ ቤቱን ያስቁ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በከተማው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ጎበዝ ተማሪ ነበሩ ብለን በሬሳቸው ፊት አንዋሽም። ገላቸው ክፍል ውስጥ፣ ጆሯቸው መንገድ ላይ ነበር። የሚያልፈውን የጭነት መኪና ሳያዩ፣ በሞተሩ ድምፅ ብቻ የማን እንደሆነ ይናገሩ ነበር። መምህራቸውም አንድ ቀን መረራቸውና፣ ይህን ልጅ ሾፌር አድርጉትና እኔም እሱም እንረፍ ብለው ለአያታችን ነገሯቸው። ምክሩ ተሰማ። በአንድ አሸዋ አመላላሽ መኪና ላይ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ፤ ገመድ አሰሩ፣ ጎማ ቀየሩ፣ ከመኪናው ሥር ተኙ። ከዓመታት በኋላ መንጃ ፈቃድ አውጥተው መሪ ጨበጡ። ከዚያ ወዲያ እጃቸው ከመሪ የተለየው በሽታ ሲያስለቅቃቸው ብቻ ነው።

ትዳር የመሠረቱትም በመኪናቸው ምክንያት ነው። አንድ መኪና አሸዋ ለአንድ ግንበኛ ቤት እንዲያደርሱ ታዘው በተሳሳተ ደጅ ገለበጡት። የቤቱ አባወራ በሩ ስለተዘጋባቸው ተቆጡ። አባታችንም አሸዋውን በአካፋ ሊያነሡ ሄዱ፤ ጥቂት አንሥተው ተመለሱ፤ በማግስቱም ሄዱ፣ በሳልስቱም ሄዱ። አሸዋው ግን አያልቅም። የቤቱ ልጅ ውሃ ስታቀብላቸው ያዩት አባወራ በመጨረሻ፣ ወይ አሸዋውን አንሣ ወይ ሽማግሌ ላክ አሏቸው። ሽማግሌ ተላከ። ያቺ ውሃ አቀባይ ዛሬ እዚህ ፊት ለፊታችን የተቀመጡት እናታችን ናቸው።

ከእናታችንም ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ታላቋን ልጅ ቤቱ ያውቃታል። ሁለተኛዋ ከአባቷ ኋላ ስለማትጠፋ ጭራ ተባለች። አባታችን ጥርሳቸውን ሲፋቁ ከኋላ ናት፣ ጎማ ሲነፉ ከኋላ ናት፣ የሚሄዱበት ሁሉ ከኋላ ናት። ከመንገድ ሲመለሱ ከመንደሩ መታጠፊያ ላይ ክላክስ ያደርጉ ነበር፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ጭራ ይህን ስትሰማ ምግብ በአፏ ይሁን፣ ሳሙና በፊቷ፣ እንዳለች ትሮጣለች። አንድ ጊዜ ስትሮጥ ደረጃው ላይ ወድቃ አገጯ ሥር ተሰፍታለች።

ጎርፉ የመጣው አባታችን ሩቅ ጭነት ይዘው በሄዱበት ሰሞን ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ያኛው ግን አላሳሳቀም። ጠዋት ጓሮ ነበር፣ ረፋድ ላይ መስኮት ጋ ደረሰ፣ ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሰው ተጠራርቶ የዱቄት መጋዘኑ ጣሪያ ላይ ወጣ። እናታችን ወንዱን ልጅ አርግዘው ነበር፤ ምጣቸው እዚያው ጣሪያው ላይ ጀመራቸው። የነፍስ አድን ሰዎች በሞተር የሚሄድ የጎማ ጀልባ ይዘው ደረሱ። እነዚያን ሰዎች ዛሬም እንመርቃቸዋለን። የራሳቸውን ሕይወት ለማናውቃቸው ለእኛ ብለው በዚያ ውሃ ላይ አስይዘዋል። ጀልባዋ ግን ትንሽ ናት። ሕፃናት ይቅደሙ፣ ምጥ የያዛቸው የሐኪም ጀልባ እስኪመጣ ይቆዩ፣ ሕፃን ደግሞ ያለ እናቱ አይሳፈርም አሉ። ደንባቸው ነው፤ ልጅ እንዳይጠፋ ብለው ያወጡት ደንብ።

ጭራን ማን ይዟት ይሂድ? ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ነበሩ። የራሳቸው ልጅ የላቸውም፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ግን እማዬ ነው የሚላቸው። ጭራን አቀፏት። ጀልባ ነጂው፣ እናቷ ነዎት ወይ ሲል ጠየቃቸው።

«ልጄ ናት፤ አሳልፈኝ» አሉት።

በእኛ ሰፈር የጎረቤትን ልጅ ልጄ ማለት ውሸት አይደለም። እናታችን በምጥ መካከል ሆነው ይህን ሰምተው፣ እግዜር ይስጥሽ እኅቴ ብለው መርቀዋቸዋል። ጭራም በልብስ ሰፊዋ ትከሻ ላይ ሆና እጇን እያወዛወዘች ሄደች።

ቆይቶ የሐኪሞቹ ጀልባ እናታችንንና ከእርሳቸው አልለይም ያለችውን ታላቋን ልጅ ወሰደ። ድልድዩ ተሰብሮ ነበርና የመጀመሪያዋ ጀልባ ወደ ላይኛው ዳርቻ፣ ሁለተኛዋ ወደ ታችኛው ዳርቻ አወጣቻቸው። ወንድማችን በእርዳታ ድርጅቱ ድንኳን ውስጥ በአዋላጅ እጅ ተወለደ። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ እንደነበር አዋላጇ ተናግራለች፤ ጣሪያው ላይ ቢወለድ ኖሮ ዛሬ መምህር የሚባል ወንድም አይኖረንም ነበር። እስከ ዛሬም ቤት ውስጥ ድንኳኑ ነው የሚባለው፤ ተማሪዎቹ ካሉ ይቅርታ ይደረግልን።

አባታችን መንገድ ተቆርጦባቸው፣ ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግር ደረሱ። ሚስታቸውንና አራሱን አገኙ። ጭራስ አሉ። ከልብስ ሰፊዋ ጋር ማዶ ናት፣ አታስብ አሏቸው እናታችን። አባታችንም እፎይ አሉ። ያን ሰሞን ማናችንም አልሰጋንም። ልጅ ከእማዬ ጋር ሆና ምን ትሆናለች?

ነገሩ ወዲህ ነበር። ሁለቱን ዳርቻ የያዙት ሁለት የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው። የየራሳቸው መጠለያ፣ የየራሳቸው ሐኪም፣ የየራሳቸው አለቃ አላቸው። ለሰው ችግር የሚተኙም አልነበሩም፤ ሌት ተቀን ይሠሩ ነበር። እርስ በርስ ግን እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች ናቸው። አባታችን ወደ ማዶ ልሂድ ሲሉ፣ ጀልባው ለሕመምተኛ ብቻ ነው ተባሉ። ማዶ ያሉትን ጠይቁልኝ ሲሉ ተጠየቀላቸው፤ እኛ ጋ ከወላጆቿ የጠፋች ልጅ የለችም የሚል መልስ መጣ። መልሱ ሐሰት አልነበረም። ጭራ በዚያ መጠለያ ከእናቷ ጋር የመጣች ልጅ ነበረች።

አባታችን ሥራ ፈትተው የሚቀመጡ ሰው አይደሉምና በታችኛው ዳርቻ ድርጅት የውሃ ቦቴ ሾፌር ሆነው ተቀጠሩ። ያ ቦቴ ንጹሕ ውሃ ባያመላልስ ኖሮ ከጎርፉ የተረፈውን ሕዝብ ተቅማጥ በጨረሰው ነበር። በእኛ መጠለያ በዚያ በሽታ የሞተ ሰው የለም። በሌላ በኩል ደግሞ ጠጠር በሚያግል ሙቀት ወፍራም ብርድ ልብስ ታደለን፤ አሮጊቶቹ በቀን ጥላ አድርገው ይሰቅሉት ነበር። ወዲያው ደግሞ ጫማ መጣ። ካርቶኑ ሲከፈት በሙሉ የግራ እግር ነው። ሕዝቡ ከጎርፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ቀኝ እግር የሌላቸው ጎረቤታችን በክራንቻቸው ተደግፈው፣ ዛሬ ገና የሚያውቀኝ ድርጅት መጣ ሲሉ ሰው መሬት ላይ ተንከባለለ። ለካ ሌባ እንዳይሰርቀው ብለው ግራና ቀኙን ለየብቻ ጭነውት፣ የቀኙ ሁሉ ላይኛው ዳርቻ ወርዷል።

አባታችን ይህን ሲሰሙ ዕድል እንደሆነ ገባቸው። በላይኛው ተራራ ዞሬ አመጣዋለሁ አሉ። መንገዱ ረጅምና የተቦረቦረ ነው፤ ሌሎቹ ሾፌሮች እምቢ ብለውት ነበር። የግራውን ጫማ እኩሌታ በድርጅቱ የጭነት መኪና ጭነው ሄዱ። መጠለያው በር ላይ ሲደርሱ መኪናውን አቁመው ክላክስ አደረጉ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ብዙ ልጆች ሮጠው መጡ። እየጠበቁ ቆሙ። ደግመው አደረጉ።

በመጨረሻ ወደ እርሳቸው የመጣችው የመጠለያው ምግብ አብሳይ ነበረች። ስለ ልብስ ሰፊዋ ጠየቋት። ውሃው ለብርድ ዳርጓቸው፣ ሳንባቸው ታሞ፣ ሐኪሞቹ ብዙ ደክመው ሳይሆንላቸው ቀርቶ ማረፋቸውን ነገረቻቸው። ልጅቷንስ ሲሏት አብሳይዋ ፊቷ ተለወጠ።

«እናቷ ስለሞተች ወላጅ ከሌላቸው ልጆች ጋር በአውቶቡስ ወሰዷት። ጋሼ፣ ያቺ ልጅ የመኪና ክላክስ በሰማች ቁጥር እየሮጠች ትወጣ ነበር» አለቻቸው።

አባታችን የጫማው ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ። እዚያ ምን ያህል እንደተቀመጡ ነግረውን አያውቁም። ጫማውን ግን ለዋውጠው፣ የቀኙን እኩሌታ ጭነው ተመለሱ። ሰው ባዶ እግሩን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የፍለጋ ዘመን ነው። አውቶቡሱን የላከው ድርጅት ጊዜው አልቆ መጠለያውን ለሌላ አስረክቦ ሄዷል። አዲሶቹ ደጎች ናቸው፤ ሻይ ይጋብዛሉ፣ ስለ ቀድሞው ግን አያውቁም። አብሳይዋ የነገረቻቸው ከተማ ሲደርሱ የሕፃናቱ ማሳደጊያ ተዘግቶ ልጆቹ ተከፋፍለዋል፤ አንዳንዶቹ ወደ ሌሎች ማሳደጊያዎች፣ አንዳንዶቹ ወደ አሳዳጊ ቤተሰቦች። ግቢው ውስጥ የቀረው ዘበኛ ብቻ ነበር፤ እርሱም አዲስ ቅጥር ነው። አባታችን ግን ሥራቸውን ከእርዳታ ድርጅት ወደ እርዳታ ድርጅት እያዛወሩ፣ ችግር በደረሰበት ሁሉ እየነዱ፣ በየመጠለያውና በየማሳደጊያው በር ክላክስ ማድረጋቸውን አልተዉም። ጸጥታ በሚከበርበት የሐኪም ድንኳን አጠገብ ክላክስ አደረጉ ተብለው ተገሥጸዋል፤ ከአንዱ ድርጅትም ተሰናብተዋል። በየሄዱበት ያሉ ልጆች አባባ ክላክስ ብለው ስም አወጡላቸው። በዚህ ስም የሚያውቋቸው ዛሬ ከሩቅ መጥተው በመካከላችን አሉ።

ዘመድ መከራቸው። ሰው ቁርጡን ካላወቀ አይወጣለትም፣ እንደሞተች ቆጥረህ አልቅስላትና እርምህን አውጣ አሏቸው። እናታችንም ደክሟቸው ነበርና ጥቁር ለመልበስ ተስማሙ። አባታችን ግን ሬሳ ያላየሁባትን ልጅ አልቀብርም ብለው ተነሥተው ወጡ። በቤታችን ከባድ ኩርፊያ የገባው ያን ጊዜ ነው። እናታችን ማልቀስ ፈልገው፣ አባታችን ከልክለዋቸው፣ አንድ ማዕድ ላይ ሳይነጋገሩ ከረሙ። በመጨረሻ የተሸነፉት እናታችን ናቸው። የተገዛው ጥቁር ልብስ ሳይለበስ ለጎረቤት ተሰጠ።

ከፍ ያለው ቦታ ላይ እርዳታ ሰጪዎች አዲስ ቤት ሠርተው ሲያድሉን፣ አባታችን አልሄድም ብለው ያስቸገሩትም በዚሁ ነገር ነው። ጭራ የምታውቀው የታችኛውን መንገድ ነው። በኋላ በሽማግሌ ልመና እሺ አሉ። የድሮውን የቆርቆሮ በር ግን አላስነቀሉም። ቤቱ በጎርፍ ሄዶ፣ አጥሩ ሄዶ፣ በሩ ብቻ ሜዳ ላይ ቆሞ ቀረ። መንገደኛ ቤት የሌለው በር እያለ ይስቅበት ነበር። እርሳቸው ከሥራ መልስ ወርደው፣ ማጠፊያውን ዘይት ቀብተው፣ ከፍተው ጥቂት ይቀመጡና ገርበብ አድርገውት ይመለሳሉ።

የታችኛው ዳርቻ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ የስንብት ስብሰባ ተደረገ። ከተረጂው ወገን ምስጋና እንዲያቀርቡ የተመረጡት አባታችን ነበሩ፤ ሠራተኛም ተረጂም ስለሆኑ ይመጥናል ተብሎ። ሲነሡ ሕዝቡ አጨበጨበ። እርሳቸውም እንዲህ አሉ፦

«ውሃ ሰጣችሁን፤ አምላክ ውለታችሁን ይክፈል። ወንድ ልጄን እጃችሁ ላይ ተቀበላችሁልኝ። ሴቷን ከውሃ አወጣችሁልኝ። ይህን የካደ ሰው አፉ ይድረቅ። ግን አንድ ካርቶን ሳሙና ስታስረክቡ ሰጪም ተቀባይም ይፈርማል፤ ካርቶኑ ቢጠፋ እኔ ሾፌሩ እጠየቃለሁ። ልጄ ከእጅ ወደ እጅ ስታልፍ ማን ነው የሚጠየቀው? እናንተ ስትሄዱ እኔ ማንን ልጠይቅ?»

የድርጅቱ አስተባባሪ ወጣት ነበር፤ ከእርሱ በፊት ሦስት ሰው በዚያ ወንበር ተፈራርቋል። ተነሥቶ ሰበብ አልደረደረም። «አባባ፣ የሚጠየቅ ሰው የለም። እኔም በቀደም ነው የመጣሁት፣ ነገ እሄዳለሁ» አላቸውና ዓይኑ እንባ ሞላ። አባታችን ሲያዩት ልጅ ነው፤ ከእናቱ ቤት ርቆ፣ ፊቱ በፀሐይ ተላልጦ፣ በወባ የከሳ ልጅ። አቅፈው፣ አይዞህ አንተስ ቤትህ ግባ አሉት። እርሱም ከሄደ በኋላ ለሚያውቃቸው ሁሉ እየጻፈ ለዓመታት ጠይቆላቸዋል። አላገኘም፤ ግን ጠይቋል።

እርዳታን የሚሰድብ ሰው ሲሰሙ አባታችን፣ አንተ ተጠምተህ አታውቅም ይሉት ነበር። ያለ ልክ የሚያሞግስ ሲሰሙ ደግሞ፣ አንተ ሰልፍ ላይ ቆመህ አታውቅም። እርሳቸው ግን ከአማራሪውም ከአሞጋሹም ሳይሆኑ መንዳታቸውን ቀጠሉ። በኋላ ላይ ለሚያሠለጥኗቸው ወጣት ሾፌሮች የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነበር፤ መኪናህ ላይ ሕፃን ሲጫን ያቀፈውን ሰው ብቻ አትመን፣ ውረድና የሰፈሩን ሰው ጠይቅ፣ ያቀፈው ክፉ ሰው ስለሆነ ሳይሆን ደግ ሰው ሊሆን ስለሚችል ነው።

ተራራ ተንዶ መንደር በተቀበረበት ዓመት ይህንኑ አደረጉ። አንዲት ሴት ሕፃን ልጅ አቅፋ፣ የእኔ ናት ብላ ተሳፈረች። አባታችን ሞተር አጥፍተው ወረዱ። ከኋላ የተሰለፉት ሾፌሮች ክላክሱን አቀለጡት፤ ሽማግሌው ጃጀ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ሰው ልታስፈጅ ነው እያሉ ሰደቧቸው። እርሳቸው ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄዱ ጠየቁ። የልጅቷ አባት ሚስቱን ፍለጋ ጭቃውን በእጁ እየቆፈረ ተገኘ። ልጁ በሕይወት መኖሯን አያውቅም ነበር። የያዘቻት ሴት ምንም ክፋት አልነበረባትም፤ ብቻዋን እንዳትሄድ ብላ ነው። አባታችን አባትየውን አሳፍረው፣ ልጅቷን ጭኑ ላይ አስቀምጠው ነዱ። ቤት ሲገቡ ለታላቋ ልጃቸው የነገሯት፣ ዛሬ አንዷን አደረስኳት ብለው ብቻ ነው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

አባታችን ቁጣ ነበረባቸው፤ ስስታም አልነበሩም። ባል ሆነው አስቸግረዋል፣ አባት ሆነው አልጎደሉብንም። ሁለት ልጆቻቸውን ድረው የልጅ ልጅ አይተዋል። የልጅ ልጆቻቸው ጭራን እንደሚያውቋት ሁሉ ስለ እርሷ ያወራሉ፤ አባታችን ዓመለኛ ልጅ ሲመክሩ እንኳን፣ አክስትህ ጭራ ብትሰማ ይሉ ነበርና።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ኩላሊታቸውን ታመሙ። ረጅም ዘመን መሪ ላይ መቀመጥ ያመጣው ነው ብለዋል ሐኪሞቹ። በሆስፒታልና በቤት ሲረዱ ቆይተው፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት አልጋቸው ወደ መንገዱ መስኮት እንዲዞርላቸው ጠየቁ። እናታችን፣ ቅር ያለህ ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቋቸው። ልጂቱን እንደሚያነሡ አውቀው ነው የጠየቋቸው። አባታችን ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣

«ስትመጣ ለምን ዘገየሽ እንዳትሏት» አሉ።

ከዚያ በኋላ የተናገሩት ነገር የለም። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ እናታችን እጃቸውን እንደያዙ ከዚህ ዓለም ተለዩ።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። ሦስት ልጆች ማለታችን የጽሕፈት ስሕተት አይደለም። ይህ ወረቀት ሲዘጋጅ ወንድማችን መምህሩ፣ የማናውቀውን አናትም፣ ሁለት እንበል ብሎ ነበር። ታላቅ እኅቱ አልተቀበለችውም። እናታችንም ሦስት ይባል ብለው ስለፈረዱ ሦስት ተብሏል። ጭራ ብትኖር ዛሬ ጎልማሳ ሴት ናት፤ አገጯ ሥር የተሰፋ ጠባሳ አላት። በሌላ ስም፣ በሌላ ቤት፣ ምናልባትም የልጆች እናት ሆና ትኖር ይሆናል። አባታችንን ልትሸኙ የመጣችሁ ሁሉ፣ በተለይም በየአገሩ የምትነዱ ሾፌሮች፣ ይህን ወረቀት አጣጥፋችሁ አትጣሉት። ይዛችሁት ሂዱ።

በውሃው ጊዜ ለደረሱልን፣ ስማቸውን ሳንጠይቅ ለሄዱት ሁሉ ምስጋናችን ይድረሳቸው። ለልብስ ሰፊዋ ለእማዬም፣ ልጃችንን አቅፈው ስለሄዱ፣ ከቤታችን ወቀሳ ወጥቶባቸው አያውቅም፤ ዛሬም አይወጣም።

ፈጣሪ ለአባታችን ነፍስ ዕረፍትን፣ ለእናታችን ብርታትን፣ ያለችበት ላለችው እኅታችንም መንገድን ይስጥልን።